ልጄን ተቀበሉኝ

ስዊድን፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ ለእትዬ እጅጋየሁ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት አደረገዎት? አያ ሀብተሥላሴስ እንደምን ከርመዋል? ድምፃቸው አሁንም ማኅሌቱን ይዘልቃል? እኔ፣ ዓይናለምና መቅደላዊት በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን። ብርዱ ገብቷል። ፀሐይ የምትወጣው እኔ አውቶቡሱን ይዤ ጥቂት ዙር ከሠራሁ በኋላ ነው፤ የምትገባውም መቅዲ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። እዚያ ኢንተርኔቱ የለም። በተራው ስልክ ስንደዋወል ደግሞ «ደኅና ናችሁ? ደኅና ነን» ብለን እንጨርሳለን። በእኔ በኩል መቅዲ ጉልበቴ ላይ ትቀመጣለች፤ በእርስዎ በኩል አያ ሀብተሥላሴ «ምን አለ? ምን አለ?» ይላሉ። ይህ ነገር በዚያ መካከል የሚባል አይደለም።

ሰሞኑን ከመንግሥት አንዲት ቀጭን መጽሐፍ በየቤቱ መጣች። ለእኛ ብቻ አይደለም፤ ለአገሩ ሰው ሁሉ ናት። ጦርነት ቢመጣ ምን እንደምናደርግ ትናገራለች። ውሃ በምን እንደሚጠራቀም፣ መብራት ሲጠፋ ልጆች እንዴት እንደሚሞቁ፣ የኒውክሌር ቦምብ ቢጣል የት ተገብቶ እንደሚቆይ በሥዕል ጭምር አስቀምጣዋለች። ዓይናለም ሳታያት ከገበያ ማስታወቂያ ጋር ጠቅልላ ልትጥላት ነበር። አንስቼ ኮቴ ውስጥ ከተትኋት። ያነበብኋትም አውቶቡሱ ውስጥ፣ በዕረፍት ሰዓቴ ነው።

ከምንኖርበት ፎቅ ሥር መጠለያ አለ። በሩ ወፍራም ብረት ነው። እስካሁን ብስክሌትና የሕፃን ጋሪ ስናከማችበት ኖረናል፤ አሁን ባዶ አድርጉት ተባልን። ቅዳሜ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ወርዶ ሲያጸዳ ዋለ። አንዲት አሮጊት ኬክ ጋግራ አመጣች፤ ሰው እየበላ ይሳሳቃል። እኔ መሳቅ አቃተኝ። መቅዲ በዚያ ግንብ መካከል ትሯሯጣለች፤ ድምፅዋ ከግድግዳው እየተመለሰ ሁለት ልጅ ያለ ይመስላል። መጥታ እጄን ያዘችና «አባቢ፣ እዚህ ልንኖር ነው?» አለችኝ። «አይደለም፣ ለመጫወቻ ነው» አልኋት። መስኮት የሌለው መጫወቻ ቤት አይታ ስለማታውቅ አላመነችኝም።

እትዬ፣ ሩሲያ ከእኛ ባሕር ማዶ ናት። እዚህ ሰው አውቶቡስ ሲጠብቅ የሚያወራው ስለ ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ነው። አንዱ መንግሥት ይህን ሚሳይል አወጣለሁ ይላል፣ ሌላው እኔም አላጣሁ ይላል። የሚተኮሰው ነገር እዚህ የሚደርሰው እኔ ከአንዱ ፌርማታ ወደ ሌላው በምሄድበት ጊዜ ነው አሉ።

እና ሳስብ፣ ጎንደርን ማን ይመታል? የወገራን ገደልና ገብስ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮ ቦምብ ያባክንበታል? እናቴ ስትሞት እኔን የተቀበሉኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ደግሞ ልጄን ተቀበሉኝ። ለዘለዓለም አይደለም፤ ዓለም እስኪረጋ ነው። ሰባት ዓመቷ ነው፣ አታስቸግርም።

መልስዎን እጠብቃለሁ። ጸሎትዎ አይለየን።

ልጅዎ እስጢፋኖስ


ጎንደር፣ አራዳ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስጢፋኖስ፤

አርባ አራቱ የጎንደር ታቦታት በሄድህበት ይከተሉህ። አንተንም፣ ዓይናለምንም፣ ያችን ሸጋ ልጅም ክፉ አይንካብኝ። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ብርድ ሲመጣ ብቻ ይናገራል። መሪጌታ ሀብተሥላሴም ደኅና ነው። ድምፁ ማኅሌቱን ይዘልቃል፤ ከሬዲዮኑ ጋር መከራከሩንም አልተወ።

ደብዳቤህ ሰንብቶ ደረሰኝ። ፖስታ ቤት ቆሜ ልከፍተው አልሁና ተውሁት። ቤት ገብቼ፣ ተቀምጬ አነበብሁት።

ለመሪጌታ ሳነብለት ሬዲዮኑን ዘጋ። ይህ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። «አላልሁሽም? ስምንተኛው ሺህ ገብቷል ስልሽ ትስቂብኝ ነበር» አለኝ። «የሳቅሁት በስምንተኛው ሺህ አይደለም፤ ዓለም ሊያልቅ ነው እያልህ ለዓመት የሚበቃ ባትሪ በመግዛትህ ነው» አልሁት። ሌላ ጊዜ ይመልስልኝ ነበር። አሁን ግን «ሕፃንን ከምድር በታች የሚያስቀምጥ ዘመን» አለና ጋቢውን ተከናነበ።

ለጥያቄህ ዛሬ መልስ አልሰጥህም። ልጅ መቀበል ዕቃ መቀበል አይደለም። አዋላጅ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ልጅ ስቀበል ኖሬአለሁ፤ ተቀብዬ ግን ለእናቱ ነው የማስታቅፍ። ከእናት እጅ ልጅ ወስጄ አላውቅም። አንተን እንኳ የወሰድሁህ ከእኅቴ ቀብር መልስ ነው።

ግን እስቲ ንገረኝ፤ መቅደላዊት ምን ትወዳለች? ሽሮ ትበላለች? ውሻ ትፈራለች? ጸጉሯን ስትሠራ ታለቅሳለች ወይስ እንደ አንተ ተኝታ ነው የምትሠራ? ስትናደድ ታኮርፋለች ወይስ ትጮኻለች? የጫማዋን ቁጥርም ጻፍልኝ። ይህን የምጠይቅህ ለማወቅ ያህል ነው፤ ሌላ ነገር አታድርገው።

ስለ እኛ አታስብ። ጎንደር ሰላም ነው። የግፊት መድኃኒቴ እዚህ ፋርማሲዎች ውስጥ እየጠፋ ነውና የሚመጣ ሰው ካገኘህ ላክልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። በደብዳቤህ ውስጥ የሚስትህ የዓይናለም ሰላምታ የለበትም። እንዲያ ያለች ልጅ አልነበረችም። ምነው?

አክስትህ እጅጋየሁ


ስዊድን፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእትዬ እጅጋየሁ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎት፤ ለጥምቀቱም በሰላም ያድርስዎት። መድኃኒቱን ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ወዳጄ እጅ ልኬአለሁ። ከዚያ በአውሮፕላን ጎንደር የሚያደርስ ሰው ይፈልጋል። ምነው ግን ጠፋ? ትልቅ ከተማ ውስጥ የግፊት መድኃኒት እንዴት ይጠፋል?

መቅዲ ሽሮ ትወዳለች፣ ያውም በማንኪያ። ውሻ አትፈራም፤ ዶሮ ትፈራለች። ስትናደድ አታኮርፍም፣ አትጮኽም፤ በስዊድንኛ ትናገራለች። ያን ጊዜ እኔና እናቷ እንተያያለን። የጫማዋን ቁጥር ከደብዳቤው ጀርባ አስፍሬዋለሁ፤ የእግሯን ቅርጽም በወረቀት አስምሬ አያይዤዋለሁ። ሳሰምር ኮርኩሯት ስትስቅ ስለነበር መስመሩ ተጣሟል።

እትዬ፣ ፈሪ ሆኜ እንዳይመስልዎት፣ ያየሁትን ልንገርዎት። እዚህ አገር የጦርነት ማስጠንቀቂያ ጩኸት አለ። እየሠራ እንደሆነ ለማየት በየጊዜው ይነፉታል። ቀኑና ሰዓቱ ስለሚታወቅ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በኅዳር መጨረሻ፣ ሰኞ ዕለት፣ እየነዳሁ ሳለ ተነፋ። ተሳፋሪው ሰዓቱን አይቶ ወደ ስልኩ ተመለሰ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ ግን አንዲት ሴት የለችም። ገና አሁን ስትገባ «ደኅና ዋልህ» ያለችኝ፣ ከዩክሬን የመጣች ሴት ናት። አውቶቡሱን አቁሜ ሄድሁ። ከወንበሮቹ መካከል ወለሉ ላይ ተጠቅልላ፣ የገበያ ቦርሳዋን እንደ ልጅ ከሥሯ አድርጋ ሸፍናዋለች። ድንቹ ወጥቶ ወለሉ ላይ ይንከባለላል። «ሙከራ ነው፣ ሙከራ ነው» አልኋት። ሰማችኝ፤ ግን ሰውነቷ አልሰማም። እጄን ይዛ እስክትነሣ ድረስ ሁሉም ሰው ጠበቀ። ማንም ዘገየህ አላለኝም።

እኔ መቅዲ እንደዚያች ሴት እንድትሆን አልፈልግም። የመጣሁበትን ተራራ እያወቅሁ፣ እዚያ የሚቀበላት ሰው እያለኝ፣ ዝም ብዬ ባስቀምጣት ማን ይፈርድልኛል? በሐምሌ ትምህርት ሲዘጋ ራሴ ይዣት ልምጣ። እሺ ይበሉኝ።

ዓይናለም ሰላም ትላለች።

ልጅዎ እስጢፋኖስ


ጎንደር፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስጢፋኖስ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። መልስ ዘገየሁብህ፤ ደኅና ነኝ። መድኃኒቱ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጠፋውም በመንገድ ምክንያት ነው፤ ይመጣል ይላሉ።

መሪጌታ ወደ ዳባት ወጣ። የወንድሙ የወልደኢየሱስ ተዝካር ነበር። እዚያው ሰነበተ። ደገኞቹ አንለቅህም ብለውት ይሆናል። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ሬዲዮኑን እኔ አልከፍተውም።

የዚያችን ሴት ነገር ካነበብሁ ወዲህ ከዓይኔ አልጠፋም። ምጥ ላይ ያለች ሴት እንዲያ ትጠቀለላለች። በሆዷ ያለውን ለመሸፈን ነው።

አንተ የነበርህበትን ክፍል አስቀባሁት። ቢጫ ነው፣ የእንቁላል አስኳል ዓይነት። ስማቸው የሚባል ጎረምሳ አናጢ አለ፤ ለእርሷ የሚሆን አጭር አልጋ ሠራልኝ። «ለማን ነው?» ቢለኝ «ለልጅ ልጄ» አልሁት። ይህን ቃል በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። አንሶላውን አንጥፌ፣ ደግሞ አንሥቼ፣ ደግሞ አነጠፍሁት። የእግሯን ቅርጽ ወስጄ አራዳ ጫማ ገዝቼላታለሁ። ትንሽ ሰፋ ያለ ነው፤ እስክትመጣ ታድጋለች።

እንግዲህ ትምጣ። እሺ ብያለሁ።

ነገር ግን ዓይናለም በእጇ አንድ መስመር ትጻፍልኝ። «ሰላም ትላለች» ያልኸው ያንተ እጅ ጽሑፍ ነው።

አክስትህ እጅጋየሁ


ስዊድን፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእትዬ እጅጋየሁ፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎት! ደብዳቤዎን አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ አነበብሁት፤ የሥራ ባልደረባዬ «ሎተሪ ወጣልህ?» አለኝ። «አዎ» አልሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀምሯል።

ትኬት ቆርጫለሁ፤ በሐምሌ መጀመሪያ እንመጣለን። በመስከረም ትማር ዘንድ በአቅራቢያ ያለ ሸጋ ትምህርት ቤት ቢያስመዘግቡልኝ። አማርኛው ቶሎ ይመጣላታል፤ ትሰማለች፣ መመለስ ነው የሚያስቸግራት። አያ ሀብተሥላሴ ፊደል ያስቆጥሯታል ብዬ አስቤአለሁ። ከዳባት ተመለሱ? በበዓሉ ስደውል ስልክዎ አልሠራም። አንዱ የአገራችን ሰው ቤተ ክርስቲያን አግኝቶኝ «ጎንደር እንዴት ናቸው፣ ተኩስ አለ ይባላል» አለኝ። «የእኔዎቹ ሰላም ነን ብለውኛል» አልሁት። ሰላም ናችሁ አይደል?

ዓይናለም ሥራ በዝቶባታል፤ በሚቀጥለው ትጽፋለች።

ልጅዎ እስጢፋኖስ


ጎንደር፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓይናለም፣ ከእርሷም ጋር ለእስጢፋኖስ፤

ዓይናለም፣ በፖስታው ላይ ያንቺን ስም የጻፍሁት ተሳስቼ አይደለም። አስቀድመሽ አንቺ እንድትከፍቺው ነው። የወለድሽውን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። እኔና አንቺ በሠርጋችሁ ሰሞን ነው የተያየነው፤ ከዚያ ወዲህ በስልክ ነው። ያም ሆኖ እንደ ልጄ ነው የማይሽ።

ባልሽ መቅደላዊትን ወደ እኔ ሊያመጣት፣ እኔም ላሳድጋት ተነጋግረናል። ከኅዳር ጀምሮ ስንጻጻፍ ነበር። ይህን የምታውቂ ከሆነ አሮጊት ናት ብለሽ ተይኝ። የማታውቂ ከሆነ ግን ዛሬ እወቂ። አትቈጪው። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ልጅም ሳለ ሲፈራ አይናገርም፤ ዕቃውን ይደብቅ ነበር።

አሁን ሁለታችሁም ስሙኝ። ጎንደር ሰላም ነው ያልሁት ውሸት ነው።

ተኩስ አለ። ሁልጊዜ አይደለም። ገበያው ይቆማል፣ ሠርግ ይሠረጋል፣ ቅዳሴው አይታጎልም። ከዚያ ድንገት ይነሣና ሁሉም ሱቁን ዘግቶ ይሮጣል። ሰው መንገድ ላይ ታግቶ ይወሰዳል። በገጠሩ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ልጆቹ ማንበብ ረስተዋል። መድኃኒት የጠፋው መኪና ስለማያልፍ ነው። መሪጌታም ደገኞች አንለቅህም ብለውት አይደለም የቀረው። ተዝካሩ ላይ ሳለ መንገዱ በውጊያ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። ይሙት ይኑር ሳላውቅ ጾሙን ጨረስሁ። ትንሣኤን ብቻዬን ዋልሁ። በዚያው ጾም መካከል ነው እንግዲህ «ልጅቱ ትምጣ» ብዬ የጻፍሁት።

ለምን እንዲያ አደረግሽ ብትሉኝ መልሱ አጭር ነው። ፈለግኋት። ቤቱ ባዶ ነበር፣ እርሷን ደግሞ ፈለግኋት። ተኩሱም ዛሬ ያልፋል፣ ነገ ያልፋል እያልሁ ራሴን አታለልሁ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ያን ክፍል ከፈትሁ። አልጋው ላይ፣ አንሶላው መካከል፣ ሣንቲም የምታህል ፀሐይ ወድቃለች። መስኮቱ እንደተዘጋ ነው። ከየት መጣች ብዬ ቀና ስል የጣራው ቆርቆሮ ተበስቷል። እጄን ሰድጄ ትራሱን ባነሣው ጥይቷ ከሥሩ ናት። ቀዝቅዛለች። ከሩቅ የተተኮሰች፣ ማንም ላይ ያልተነጣጠረች ናት ይላሉ። ማንም ላይ ያልተነጣጠረች!

አልጋው ጫፍ ተቀምጬ ጮኼ አለቀስሁ። ጎረቤቴ እንኳየሁ ሰምታ መሪጌታ ሞቶ መርዶ የመጣ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። «ማን ሞተ?» አለችኝ። «ማንም» አልኋት። «ታዲያ ምነው?» አለች። እንዴት ብዬ ላስረዳት?

መሪጌታ በዚያው ሳምንት መጣ። እስከ አምባ ጊዮርጊስ በእግሩ ነው የወረደው። ከስቷል፣ ጺሙ እንደ ባሕታዊ ሆኗል። ጥይቷን ሳሳየው መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጣት። «እጅጋየሁ፣ ሰው ይለምደዋል። ሕፃን እንዲለምደው ጠርቶ የሚያመጣ ግን ማን ነው?» አለኝ።

ልጄን አትላኩብኝ። እለምናችኋለሁ፣ አትላኩብኝ።

እናታችሁ እጅጋየሁ


ስዊድን፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ ለእትዬ እጅጋየሁ፤

አያ ሀብተሥላሴ በሕይወት መመለሳቸውን ስላሳየን እግዚአብሔር ይመስገን።

ደብዳቤውን ዓይናለም ከሥራ ስትገባ ነው ያገኘችው። ኮቷን ሳታወልቅ፣ በሩ ላይ እንደቆመች አነበበችው። እኔ ድንች እልጥ ነበር። ጨርሳ ወረቀቱን አጠፈችው፣ መቅዲን ወደ ክፍሏ ሰደደቻት።

«ትኬት ቆርጠሃል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ለእረፍት ነበር ያልኸኝ።»

«አዎ።»

«ስትመለስ ብቻህን ነበር የምትመለሰው?»

ድንቹን መላጤን ቀጠልሁ። ትጮኻለች ብዬ ነበር። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ቢላውን ከእጄ ወሰደችው። «እኔ አልፈራም የመሰለህ?» አለችኝ። «ያችን መጽሐፍ ልጥላት የነበረው ሳላያት ይመስልሃል? ገጿን ገልጬ የሕፃኑን ሥዕል ሳይ ነው የጠቀለልኋት። ሆስፒታል ስሠራ ሕመምተኛውን አይፍሩ ስል የማጽናናው ራሴን ነው። አንተ ብቻህን ትፈራለህ፣ እኔ ብቻዬን እፈራለሁ። ልጅቱ በሁለታችን መካከል ምን ሆናችሁ እያለች ታየናለች።» ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ከመጣም ሦስታችንን አንድ ቤት ያግኘን። ልጄን ለማንም አልሰጥም፤ ለእትዬም ቢሆን።»

ተቃቅፈን አለቀስን፤ ድንቹም በውሃው ውስጥ ቀረ።

የኢራን የኒውክሌር ተቋማት በቦምብ ሲመቱ በዚህ ወር ሰምታችኋል። አያ ሀብተሥላሴ ከሬዲዮኑ ተነሥተው እንደማያውቁ አውቃለሁ። ያን ቀን እኔና ዓይናለም አብረን ነው የሰማነው። ፍርሃቱ አልተወኝም፣ አልዋሽዎትም። አውቶቡስ ስነዳ ሰማይ አያለሁ። ግን አሁን ቤት ስገባ «ዛሬ ፈራሁ» እላታለሁ፤ «በምን ሰዓት?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። ያልቃል።

ትኬቱን ትቼዋለሁ። አሁን የምለምንዎት ሌላ ነው። እናንተ ኑ። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ግን ይበቃናል። የሚያስፈልገውን ወረቀት ሁሉ እኔ እጨርሳለሁ። ጣራዎ ተበስቶ እኔ እዚህ እንዴት ልተኛ? ከሥር ዓይናለም ትጽፋለች።

ልጅዎ እስጢፋኖስ

እትዬ፣ ዓይናለም ነኝ። ስላስከፈቱኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ልጄን ያስቀሩልኝ እርስዎ ነዎት። በየእሑዱ ከመቅዲ ጋር እንዲነጋገሩ እኔ ራሴ እደውላለሁ። ኑልን።


ጎንደር፣ ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጆቼ ለእስጢፋኖስና ለዓይናለም፤

ጾመ ፍልሰታን በሰላም ያስፈጽማችሁ። ዝናቡ ሸጋ ሆኖ እየጣለ ነው።

ኑ ላላችሁን በረከት ይሁንላችሁ፤ አንመጣም። መሪጌታ እንደማይወጣ ለመንገር እንኳ አልፈለገም፤ ሳነብለት ጫማውን አይቶ ሳቀ። እኔም ብሆን እዚህ የምፈለግበት ቦታ አለ። መኪና በማያልፍበት ቀን ምጥ ይመጣል፤ ሴቶቹ ቤቴን ያውቁታል። ጡረታዬን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረልኝም። ጣራው ተደፍኗል። ለእኛ አታልቅሱ፤ ስትፈሩልን ግን ንገሩን፣ እኛም እንነግራችኋለን። ከእንግዲህ «ሰላም ነን» ብዬ ብጽፍ ሰላም ስለሆንን ነው።

እስጢፋኖስ፣ ያለፈው እሑድ አንተ ሥራ ላይ ነበርህ። ዓይናለምም ስልኩን ለመቅደላዊት ሰጥታ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ነበርና የሆነውን በሙሉ አታውቁትም።

ስለ ዶሮ እየነገረችኝ ሳለ በላይ በኩል ተኩስ ተነሣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስልኩን በነጠላዬ አፍኜ «መሥመሩ ተበላሸ» እል ነበር። አላፈንሁትም። እርሷም ሰማች።

«እማማ፣ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ተኩስ ነው፣ ልጄ።»

ምን አደረግሁ አልሁ።

«ሩቅ ነው?»

«መካከለኛ ነው።»

«አንቺ መስኮት ጋ ነሽ?» አለች። አንቱታ ገና አላስተማራችኋትም፤ ተዉት፣ ወድጄዋለሁ።

«አዎ፣ መስኮት ጋ ነኝ።»

«ሂጂ ከዚያ! መስኮት አይሆንም። ወለል። እሱም ወለል!»

«እሱ» ያለችው መሪጌታን ነው። ነገርሁት። መሪጌታ ሀብተሥላሴን ታውቁታላችሁ፤ ጳጳስ ቢያዘው እንኳ ምክንያቱን ይጠይቃል። ሬዲዮኑን ትቶ ተነሣና ኮሪደሩ ላይ ጋቢውን አነጠፈ። እኔ በዚህ ጉልበቴ ግድግዳውን ተደግፌ ወረድሁ። ሁለታችንም ራሳችንን ገጥመን፣ ስልኩን በመካከላችን አድርገን ተጋደምን።

«ወርዳችኋል?»

«ወርደናል።»

«አትዝጊው። እኔ አለሁ» አለች።

ከዚያ አማርኛ አለቀባት መሰለኝ። ስትሮጥ ሰማን፣ ተመልሳ መጣች፣ የመጽሐፍ ገጽ ሲገለጥ ሰማን። በስዊድንኛ ታነብልን ጀመር። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይታ ነው የምታነበው። አንዳንዴ ድምፅዋን ታወፍራለች፤ የትልቅ አውሬ ነገር ይሆናል። አንዳንዴ ቀጭን ይሆናል። ላይ በኩል ሲበረታ እርሷም ከፍ ታደርገዋለች።

መሪጌታ በጆሮዬ «ምን አለች?» አለኝ።

«እንጃ» አልሁት።

«ደግ ነገር ነው» አለ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

ተኩሱ ቆመ። ሰው ከየደጁ ሲወጣ፣ እንኳየሁ በሯን ስትከፍት ሰማሁ። መነሣት እንችል ነበር። ልጅቱ ግን አልጨረሰችም፤ እኛም እስክትጨርስ አልተነሣንም።

እጅጋየሁ